አቤት ያለ ቅርብ ነው

ተረት ተረት ልላችሁ ነበር። እናንተ ግን ጨዋዎች ናችሁና ወዲያው «የመሠረት» ብላችሁ ትመልሱልኛላችሁ፤ እኔ ደግሞ እሱን ፈራሁ። በምነግራችሁ አገር ለጥሪ መልስ የሰጠ ሰው ጉዱ ነው የሚፈላው። ስለዚህ ለጊዜው ዝም ብላችሁ ስሙኝ፤ መመለሻው ሲደርስ እኔው እነግራችኋለሁ።

የአገሩን ስም አትጠይቁኝ። ንጉሡ ደግ ነበሩ፤ ይህን ብቻ እወቁ። ደግ ንጉሥ ደግሞ አያድርስ ነው! ክፉ ንጉሥ አንዳንዴ እንኳ ይረሳችኋል። ደግ ንጉሥ ግን ሌሊቱን ስለ እናንተ ሲያስብ ያድርና ጠዋት ከነአዋጁ ብቅ ይላል።

አንድ ጠዋትም እንዲህ ተብሎ ታወጀ፦ «ከእንግዲህ ልጅህን ሰፈርህ ባለው ትምህርት ቤት ብቻ አስገባ ብሎ የሚያስገድድህ የለም። ወላጅ ሁሉ የወደደውን ይምረጥ!»

ሕዝቡ እልል አለ። መምረጥን ማን ይጠላል? የቆላው ሰው የደጋውን ትምህርት ቤት መረጠ፤ የደጋው የቆላውን መረጠ። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች እንዲሉ፣ ጎረቤት ሲመርጥ ያየ ሁሉ መረጠ። በየማለዳው ልጆች መንገድ ላይ ይተላለፋሉ።

«ወዴት ነሽ?»

«እናንተ ሰፈር። አንቺስ?»

«እናንተ ሰፈር።»

እንዲህ ሲሆን ከርሞ የየሰፈሩ ትምህርት ቤት ባዶውን ቀረ። ባዶውን የቀረውም «ሕዝብ አልመረጠውም» ተብሎ ተዘጋ። የራሱን ሰፈር የመረጠ ሞኝ ቢኖር በሩ ተቆልፎ ቆየው።

ከነዚያ ሞኞች አንዷ የወርቅውሃ ነበረች። የወርቅውሃ ከባሏ ከቢተውና ከአንድ ልጇ ከሽታዬ ጋር አፋፍ በምትባል መንደር ትኖራለች፤ መንደሯ ስሟ እንደሚነግራችሁ ገደል ጫፍ ላይ ነው የተቀመጠችው። የመንደሯ ትምህርት ቤት ከየወርቅውሃ አጥር ጥግ ነበር። ሲዘጋ የገዢው በቅሎዎች ገለባ ተከማቸበት። የወርቅውሃ ቁልፉን አይታ፣ ገለባውን አይታ፣ «እንግዲህ እኔም ልምረጥ» አለችና ማዶ ያለውን መረጠች። ወዳው አይደለም። ከደጃፏ ሆና የምታየው እሱን ብቻ ስለሆነ ነው።

ማዶ ትምህርት ቤት ነጭ ግድግዳው ከገደሉ ባሻገር ወለል ብሎ ይታያል። ዓይን ቶሎ ይደርሳል። እግር ግን ገደሉን ቁልቁል ወርዶ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ እንደገና ሽቅብ ቧጦ ነው የሚደርሰው። ሌላም መንገድ አለ፤ በድልድዩ የሚዞር ሰፊ መንገድ። እሱ ለጋሪ እንጂ ለልጅ እግር የሚሞከር አይደለም።

ጋሪውስ የለም ወይ ትሉኝ ይሆናል። አለ እንጂ! ንጉሡ ደግ ናቸው አልኳችሁ። ትምህርት ቤቱ ለራቀበት ልጅ ሁሉ በነጻ የሚያመላልስ ጋሪ አቁመዋል። በጋሪው ጎንና ጎን በቀለም የተጻፈ ነገር ነበረበት፦ «መምረጥ መብት ነው፤ መድረስ ችሎታ ነው።» ይህን ምን ማለት እንደሆነ የጻፈው ሰው ራሱ ሲጠየቅ «ያምራል» ብሎ ነው የመለሰው ይባላል።

ችግሩ ሩቅ ማነው፣ ቅርብ ማነው የሚለው ላይ መጣ። መማክርቱ ተቀመጡ። አንዱ በእርምጃ ይለካ ቢል «በማን እርምጃ?» ተባለ፤ አጭሩ መኮንን ከረጅሙ ጋር ሊጣላ ነበር። በመጨረሻ ከሁሉ የሚሸመግለው ተነሥቶ «ድምፅ የደረሰበት፣ ልጅ ይደርሳል» አለ። እንዲህ ያለ ቤት የሚመታ ነገር ሲነገር ማን ይከራከራል? ሕግ ሆነ።

አለካኩ እንዲህ ነው። በዋዜማው ሰሚ ሹም የሚባለው ባለሥልጣን ልጁን ይዞ ወደተመረጠው ትምህርት ቤት ይሄዳል። በማግስቱ ሊቀ ጠሪ የሚባለው ደግሞ ካባውን ደርቦ፣ ጉሮሮውን በማር ውሃ አርጥቦ፣ ከልጁ ቤት ደጃፍ ይቆምና ስሙን ይጠራል። ልጁ «አቤት» ካለ ከበሮ ይመታና «ቅርብ!» ይባላል፤ በእግሩ ይሂድ። ዝም ካለ «ሩቅ!» ይባልና ቀይ ክር እጁ ላይ ይታሰርለታል፤ በጋሪ ይሂድ።

የሽታዬ ተራ ሲደርስ ሰሚ ሹም በቅሎው ላይ አፈናጦ በድልድዩ ዞሮ ወሰዳት። ጎህ ሲቀድ ተነሥተው፣ በቅሎው እያነከሰ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ደረሱ። ልጅቱ ቅርብ መሆኗን ለማረጋገጥ ቀኑን ሙሉ በበቅሎ መሄዳቸው ማንንም አልገረመም፤ በዚያ አገር መገረም የሌላ መሥሪያ ቤት ሥራ ነው።

በማግስቱ ሊቀ ጠሪ ጎሽሜ ከየወርቅውሃ ደጃፍ ቆመ። አንገቱ የወይፈን አንገት ነው። ደረቱን ነፋና «ሽታ...ዬ!» ብሎ ለቀቀው። ገደሉ ተቀበለው፤ አሞሮች ከየጎሬያቸው ተነሡ።

ከማዶ አንዲት ቀጭን ድምፅ መጣች። «አቤ...ት!»

የወርቅውሃ ደስታዋን አልቻለችውም። «እሰይ የኔ ልጅ! ሰማችሁ? ወይ አላለች፣ ምን አላለች፣ አቤት! እንዲህ ነው ልጅ ማሳደግ!» ብላ እልልታዋን ልታቀልጠው አፏን ስትከፍት ከበሮው ተመታ።

«ቅርብ!»

የከፈተችውን አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ማለት ይኸው ነው።

በዚያው ቀን፣ እሷም በዋዜማው ማዶ ተወስዳ ነበርና፣ የጎረቤቷ ልጅ ማንጠግቦሽም ተጠራች። ይህች ማንጠግቦሽ ከተወለደች ጀምሮ ለጥሪ መልስ ሰጥታ አታውቅም፤ እናቷ በብዙ ልመና የምታገኘው ቢበዛ «ምን?» የሚል ነው። ጎሽሜ የአንገቱ ሥር እስኪገተር ጠራት። ዝም። ደግሞ ጠራት። ዝም። «ሩቅ!» ተባለና ቀይ ክር ታሰረላት። በኋላ ልጆች ሲጠይቋት «ሰምቼዋለሁ፤ ደብሮኝ ነው» አለቻቸው።

ስለዚህ በዚያ አገር ባለጌው ይጋልባል፣ ጨዋው ይኳትናል። በእናንተም አገር እንዲህ ከሆነ እኔ የለሁበትም።

ከዚያ ወዲያ ጋሪው በየማለዳው በየወርቅውሃ ደጅ ያልፋል። ማንጠግቦሽ ብቻዋን እግሯን ዘርግታ ተቀምጣበታለች። የወርቅውሃ ጋሪ ነጂውን «ወንድም ጋሼ፣ ቦታው ባዶ ነው፤ ልጄንም ብታሳፍራት ምናለ?» ብትለው፣ «እትዬ፣ ክር የሌለው አይሳፈርም። እኔ እንጀራዬን ነው የምበላው» እያለ ያልፋታል። ሽታዬም ቦርሳዋን አንግታ ገደሉን ትወርዳለች።

ማዶ ትምህርት ቤትም የራሱ ሕግ አለው። ደወል ከተደወለ በኋላ የመጣ ልጅ በርጩማው ተገልብጦ ይቆየዋል፤ ያን ቀን መሬት ተቀምጦ ይማራል። አደይ አበባ በሚፈነዳበት ሰሞን ተገልብጦ የተገኘ በርጩማ ደግሞ ለሌላ ልጅ ይሰጣል። ባለቤቱም ተመልሶ አይገባም። የሽታዬ በርጩማ ከተገለበጠ ከራርሟል።

ክረምቱ ገባ። አንድ ማታ ሽታዬ እስከ ደረቷ ርሳ፣ ከንፈሯ ጠቁሮ መጣች። «ወንዙ እዚህ ደረሰ» አለች በእጇ ደረቷን እያሳየች። «እማዬ፣ በርጩማዬን ሲሰጡብኝ ግን ይነግሩኛል?»

የወርቅውሃ ያን ሌሊት ዓይኗ አልተከደነም። ጠዋት ነጠላዋን አጣፍታ ተነሣች።

«ወዴት ነው?» አለ ቢተው።

«ልከስ ነው።»

«ተይ አንቺ ሴት! ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ።»

«ንጉሡን ማን ከሰሰ? እኔ ወንዙን ነው የምከሰው» ብላው ወጣች።

የርቀት ዳኛ ችሎት ከገዢው ከተማ ነበር። የወርቅውሃ ከግቢው በር ቆማ፣ አባቶቿ ፍትሕ ሲፈልጉ እንደሚሉት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «አቤት! አቤት!» አለች።

ዳኛው መስኮቱን ከፈት አደረገ። «ምን አለች?»

«አቤት ብላለች፣ ጌታዬ» አለ ጸሐፊው።

«እንግዲያው ሰምታለች። የሰማ ቅርብ ነው። ቅርብ የሆነ ሰው ስለ ርቀት ምን ክስ አለው?» ብሎ መስኮቱን ዘጋው።

የወርቅውሃ ወደ ግቢው ዘለቀች። ግቢው ውስጥ እንደሷ ያሉ ብዙ ሰዎች ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። አንድ ሽማግሌ ቦታ ለቀቁላትና «አይዞሽ ልጄ፣ ሁላችንም አቤት ብለን ነው የተረታነው» አሏት።

«ታዲያ አቤት ሳይሉ እንዴት ይከሰሳል፣ አባቴ?»

«እኛስ እሱን ስናስብ አይደል ተቀምጠን የቀረነው!»

የወርቅውሃ መንገዱን ሙሉ ስትብሰለሰል መጣች። ከአፍ የወጣ አፋፍ የሚባለው ገና አሁን ነው የገባት። መንደሯ ጫፍ ስትደርስ ጋሪው አጠገቧ አለፈ። ማንጠግቦሽ ተንጋላ ተኝታበታለች። የወርቅውሃ ቆም አለች። «ቆይ እስቲ» አለች ለራሷ።

እቤቷ ገብታ ልጇን ፊቷ አቆመች። «ስሚኝ ሽታዬ፣ እንደገና እንዲለኩሽ ልጠይቅ ነው፤ ከዛሬ ጀምሮ ስምሽ ሲጠራ አቤት እንዳትዪ።»

«ምነው እማዬ! ወይ ልበል?»

«ወይም አትበዪ።»

«እሺ።»

«እሺም አትበዪ!»

ልምምዱ ተጀመረ። የወርቅውሃ ከጓዳ «ሽታዬ!» ትላለች፤ ዝም። ከደጅ ትጠራታለች፤ ዝም። መጀመሪያ ልጅቱ አቤቷ ከአፏ እያመለጠ ሁለቱም በሳቅ ይፈርሱ ነበር። በኋላ ግን ለመደችው። የሰው ስም ጠርቶ መልስ እንደማጣት ያለ መራራ ነገር የለም። የወርቅውሃ ልጇ አጠገቧ ቁጭ ብላ እያየቻት የሞተችባት እየመሰላት በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ትጠርጋለች። ቢተው እንኳ «ይሄስ ይቅርብን» አለ። እሷ ግን በርጩማውን እያሰበች ጥርሷን ነከሰች። ራሷም ዝምታ ተለማመደች።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ተመልሳ ችሎት ሄደች። በሩ ላይ ቆመች፤ አፏን አልከፈተችም።

«ምን ፈለግሽ?» አላት ዘበኛው። ዝም። ዳኛው በመስኮት አያትና «ጥሯት!» አለ። ጸሐፊው «የወርቅውሃ!» አለ። ዝም። ሊቀ ጠሪ ጎሽሜ ተፈልጎ መጣ፤ ማር ውሃውን ጠጥቶ ከጆሮዋ ሥር «የወርቅውሃ!» ብሎ ሲጮህባት ሻሿ ተርገበገበ። ከንፈሯን ነክሳ ዝም አለች።

ዳኛው አላበው። «በሕጉ መሠረት ሩቅ ናት» አለ።

«ጌታዬ፣ እዚሁ እኮ ናት» አለ ጸሐፊው። «ጥላዋ ጠረጴዛዬ ላይ አርፏል።»

«ዝም በል! ሕጉ ጆሮ እንጂ ዓይን የለውም።»

ዳኛው ብዙ ካማጠ በኋላ አጠገቡ የቆመች ሩቅ ሴት አጋጥማው እንደማታውቅ ጽፎ ነገሩን ወደ ቤተ መንግሥት አሳለፈው። ዛፉ ሥር የተቀመጡት ሁሉ ይህን አዩ። ሽማግሌው «ለካስ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም!» ብለው ብድግ አሉ፤ የመጨረሻ ንግግራቸው እሱ ነበር። ሰው ሁሉ ዝምታውን ይዞ ወደየቤቱ ሄደ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ብነግራችሁ ትስቃላችሁ። ዝምታ አገሩን ወረሰው። ልጆች ለመምህር፣ ሚስት ለባል፣ ሎሌ ለጌታ መመለስ ተዉ። ልጅ የሌለው ሰው እንኳ ወደፊት ብወልድስ ብሎ ይለማመድ ጀመር። ገበያ ውስጥ «ባለ ሽንኩርት!» ቢባል ዘወር የሚል የለም። መንገድ ላይ ሰው ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ «የሰው ያለህ!» ቢል ሰዎች ያወጡታል፤ ግን ሲያወጡት ትንፍሽ አይሉም።

በመጨረሻ ዝምታው ቤተ መንግሥት ደረሰ። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ንጉሡ ውሃ ጠማቸው። «ማነህ! ውሃ!» አሉ። ዝም። «አንተ አሳላፊ!» ዝም። ግድግዳው እስኪንቀጠቀጥ ጠሩ፤ ዝም። ንጉሡ ይጠብቁ ይጠብቁና ጉሮሯቸው ሲደርቅ ራሳቸው ተነሡ። አዳራሹን አቋርጠው፣ ደረጃውን ወርደው፣ ግቢውን አልፈው፣ ሌላ ደረጃ ወጥተው፣ ሁለት ጊዜ መንገድ ተሳስተው፣ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው እያለከለኩ ማድ ቤቱ ደረሱ። አሳላፊው ከውሃው እንስራ አጠገብ ቁጭ ብሏል።

«አልሰማኸኝም?»

አሳላፊው ከእግራቸው ወደቀ። «ሰምቻለሁ፣ ንጉሥ ሆይ! ድምፅዎ ወዲያው ነው የደረሰኝ። ግን የገደል ጫፍ ሰው ነኝ፤ ልጅ አለኝ...»

ንጉሡ ውሃውን ጭልጥ አድርገው ጠጡና መሬት ላይ ተቀመጡ። «ድምፄ የደረሰውስ ድሮ ነው» አሉ። «እኔ ነኝ ገና አሁን የደረስኩት።»

ይህን ካሉ በኋላ የተናገሩትን ራሳቸው ሰሙት። ከዚያ አሳላፊውን ስለ ጋሪው፣ ስለ ክሩ፣ ስለ ከበሮው ጠየቁት፤ እሱም ሁሉንም ነገራቸው። ንጉሡም ከዳኛው የመጣላቸውን፣ ቆማ ሳለች የራቀችውን ሴት ነገር አስታወሱ። ደግ ንጉሥ እግሩን ካመመው ተስፋ አለው። በማግስቱ ታወጀ፦ «ትምህርት ቤት የሚሄደው ድምፅ አይደለም፤ እግር ነው። ከእንግዲህ በእግር ይለካ። ሊቀ ጠሪም የልጅ ቦርሳ አንግቶ ራሱ ሄዶ ይለካ።»

የመጀመሪያው ልክ ከየወርቅውሃ ደጃፍ ሆነ። ሊቀ ጠሪ ጎሽሜ የሽታዬን ቦርሳ ካባው ላይ አንግቶ በማለዳ ገደሉን ወረደ። መንደሩ በሙሉ ጫፉ ላይ ተሰብስቦ ያያል። ረፋዱ ላይ ካባው ቁጥቋጦ ይዞት ቀረ። ቀትር ላይ ወንዙ አንድ ጫማውን ወሰደው። ሽቅቡን አንዴ በእጁ አንዴ በጉልበቱ ሲወጣ ማንጠግቦሽ ሳትቀር «አይዞህ!» አለችው። ማዶ ሲደርስ ፀሐይዋ ልትጠልቅ ነበር። እንደ ደንቡ ወደ መንደሩ ዞሮ «ሩቅ!» ብሎ ሊጮህ አፉን ከፈተ።

ድምፁ አልደረሰም። ድካም ውጦታል። በድሮውም ሕግ፣ በአዲሱም ሕግ፣ ማዶ ሩቅ ሆነ!

የገለባው ትምህርት ቤትስ? ይከፈት ወይስ ይቆይ የሚለውን የሚያጠኑ ሹማምንት ተሾመዋል ይባላል። ገለባው ገና እዚያው ነው። ሁሉ በአንድ ቀን አይሆንም፤ የዛሬውን ግን ተመስገን እንበል።

በማግስቱ ጋሪው በየወርቅውሃ ደጅ ቆመ። «እትዬ፣ ልጅቷን አምጫት!» አለ ነጂው፤ ፊቱ ሳይቀር ቀሎታል። ሽታዬ ወጣች። ማንጠግቦሽ እግሯን ሰበሰበችላት። መንገዱ ዳርና ዳር አደዩ እንቡጡን ሊፈታ ጥቂት ቀርቶት ነበር። የወርቅውሃ ጋሪው ከዓይኗ እስኪሰወር አየችና ገደሉ ጫፍ ሄዳ ቆመች። ቢተውም መጥቶ አጠገቧ ቆመ።

ቆይቶ ከማዶ ነጩ ግድግዳ ሥር ጋሪው ሲቆም ታያቸው። ትናንሽ ልጆች ዱብ ዱብ አሉ፤ ገቡም። ከዚያ ነው ደወሉ የተደወለው። አንዲቱ ልጅ ግን ተመልሳ ወጥታ ደጁ ላይ ቆመች።

የወርቅውሃ አልቻለችም። «ሽታ...ዬ!»

ዝም።

«ሽታ...ዬ!»

ዝም። የወርቅውሃ ወደ ባሏ ዞረች። «አበላሸኋት» አለች። «በገዛ እጄ ልጄን ድዳ አደረግኋት፣ ቢተው!»

«ቆይ» አላት ቢተው።

ከማዶ ቀጭኗ ድምፅ መጣች። «አቤ...ት እማዬ!»

የወርቅውሃ ድንጋዩ ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች። ዕንባዋ እየወረደ ሳቋ አመለጣት። «በርጩማሽስ?» አለች እንደ ምንም ድምፅዋን ሰብስባ።

«ተቃንቷ...ል! ለምን ጠራሽኝ?»

«ለምንም! እንዲሁ ነው የጠራሁሽ!»

በሉ እንግዲህ፣ ተረት ተረት! አሁን መልሱልኝ፤ አትፍሩ፣ የሚለካው እግራችሁ ነው።